ረምላ ጥርሷን የተነቀለች ቀን

ኸሊዳዬ፣

ረምላ ዛሬ ጠዋት መንጋጋ ጥርሷን ተነቅላ አሁን ተኝታለች። ገላፊ ድንበር ላይ ሳለሽ ብደውልልሽ ስልክሽ ዝግ ነው፤ ሕመሙ ቢጠናባት ይዣት ሄድኩ። እስክትደርሺ ጎረቤታችን እትዬ አሰፋሽ አጠገቧ ናቸው።

ትኩስ ነገር አትስጪያት፤ የቀዘቀዘ እርጎ ፍሪጅ ውስጥ አለ። እስከ ነገ አፏን አትጉመጥመጥ። ከንፈሯ ደንዝዟል፣ እንዳትነክሰው ጠብቂያት።

ሐኪሙ «እናቷ ነሽ?» ሲለኝ «አዎ» ብዬ ፈረምኩ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ረምላም ሰምታ እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

መሥሪያ ቤቱ ወደ አሳይታ አዛውሮኛል፤ መኪናው በር ላይ ቆሟል። ልነግርሽ ስንቴ ሞከርኩ፣ አንቺ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነሽ። ከእንግዲህ ስትሄጂ የሚይዛት ሰው ፈልጊ።

ሳልሰናበታት የወጣሁት፣ ብትነቃ መሄድ ስለሚያቅተኝ ነው።

እድላዊት