የሚስተር ኮዛክ ትኬት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ፌሊሳ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ጀመረ ወይ? የእማዬ ደም ግፊትስ ወረደላት? አውሎ ነፋሱ የወጥ ቤቱን ጣሪያ እንዳነሳው ሰምቼ ስሰጋ ነበር፤ ተጠገነ? እኛ ደህና ነን። ሚስቴ ማሪቪክም ልጆቹም ጤና ናቸው። እኔ ግን ሆዴ አርሯል፤ የምጽፍልሽም እሱን ነው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ጠዋት ጠዋት በቫን አሥራ አንድ አረጋውያንን ከየቤታቸው እየሰበሰብኩ ቀን ወደሚውሉበት ማዕከል አደርሳለሁ፤ ማታ እመልሳቸዋለሁ። ከመካከላቸው ሚስተር ኮዛክ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ዛሬ የልጃቸውን ስም እንኳ ይረሳሉ። ትኬት ግን አይረሱም። ከጋዜጣ የቆረጧትን ቁራጭ ይሰጡኛል፤ እኔ ጫፏን ቀድጄ እመልስላቸዋለሁ፤ ከዚያ ይሳፈራሉ። አንድ ቀን፣ ዛሬ በነፃ ነው ብላቸው፣ «ስማ ልጄ፣ በእኔ መስመር በነፃ የሚሄድ ውሻ ብቻ ነው» ብለው እግራቸውን አላነሱም።

በጃንዋሪ አለቃችን ዳረል አዲስ ደንብ አወጣ። ሹፌር ከወንበሩ አይነሳም፣ ከሦስት ደቂቃ በላይ አይጠብቅም፣ ከደንበኛ እጅ ምንም አይቀበልም። ስለ ትኬቱ ብነግረው፣ «አንተ ሹፌር ነህ እንጂ ቲያትር ሠሪ አይደለህም» አለኝ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ከዚያ ጉንፋን ሁለት ቀን አስተኛኝ። ለተተኪዬ ለታይለር ደውዬ፣ አደራ ትኬቱን ቅደድላቸው አልኩት። እሱም ሳቀ፤ ደንቡንም ፈራ። የሚስተር ኮዛክ ልጅ ሎሬይን ቫኑ በር ላይ ሲቆም ካየች አባቷን ወደ ውጭ ሸኝታ በሩን ቆልፋ በጓሮ በኩል ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ቫኑ ቆመ ማለት አባቷ ተሳፈሩ ማለት ነበር፤ ያን እምነት ያሳደርኩባት እኔ ነኝ። ታይለር ትኬቱን አልቀበልም አለ፤ ሽማግሌውም አልሳፈርም አሉ። ሦስት ደቂቃው ሲሞላ፣ ሽማግሌው ፊቱ ቆመው ሳሉ፣ «አልተገኙም» ብሎ መዝግቦ ሄደ። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ዘጠኝ ነበር። በራቸው ተቆልፏል። ሚስተር ኮዛክ ድሮ ይነዱት ወደነበረው መስመር ፌርማታ ሄደው ቆሙ። አንዲት መንገደኛ ስታገኛቸው ትኬቷ እጃቸው ውስጥ ነበረች። ብርድ የበላው የሁለት ጣታቸው ጫፍ ተቆረጠ።

አሁን የቢሮውን ነገር ስሚ። ሰኞ ዳረል ወረቀት አቀረበልኝ። ለአደጋው ምክንያት የሆነው፣ ሹፌሩ ደንበኛውን መጥፎ ልማድ ማስለመዱ ነው ይላል፤ ሹፌሩ ማለት እኔ ነኝ። ብፈርም በማስጠንቀቂያ ያልፈኛል፤ ባልፈርም በመጪው ሰኞ የቫኑን ቁልፍ መልሼ ከሥራ እወጣለሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ሦስት ደቂቃውን ያወጣው ማነው ብዬ ብጠይቀው፣ ነገር አታጋግል አለኝ። ማሪቪክ መጀመሪያ ፈርም ስትለኝ ነበር። ወረቀቱን ካነበበች በኋላ ግን እስክሪብቶዬን ደበቀችው።

በሌላ እስክሪብቶ በወረቀቱ ጀርባ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ፤ ዳረል ያለኝን ቃል በቃል አስገባሁ። የፈረምኩት እሱን ነው። ለዳረል መለስኩለት፤ አንዱን ቅጂ ለሎሬይን ሰጠኋት።

ትናንት ሚስተር ኮዛክ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። እጃቸው በፋሻ ስለተጠቀለለ ትኬቷን በጥርሳቸው ይዘዋት መጡ። ከወንበሬ ተነስቼ ወረድኩ፤ ከአፋቸው ተቀብዬ ጫፏን ቀደድኩ። ሎሬይን አባቷ እስኪቀመጡ ከበሩ አልተነቃነቀችም።

«ዘገየህ» አሉኝ።

አዎ፣ ዘገየሁ አልኳቸው። ከቢሯችን እንዲህ ብሎ ጥፋቱን ያመነላቸው ሌላ ሰው የለም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ስለ ቁልፉ ግን አትንገሪያት። ባልሽን ጋሽ ዶሚናዶርን፣ ትንሿን ጄሪሊንን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ ኔስቶር
ዊኒፔግ፣ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2019