እኔ የጻፍኩት መርዶ

ለተወደድሽው ታላቅ እህቴ ለአክበረት፣

እንደምን ከርመሻል? የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽ አስገዶምስ፣ ወገቡ ተሻለው? ልጅሽ ዳናይት ትምህርት ጀመረች? እኛ በሕይወት አለን፤ እናታችን አደይም አለች። ይህን ቃል ሁለት ጊዜ አንብቢው፤ አለች።

አውቃለሁ፣ አታምኚኝም። ጥፋቱም የእኔ ነው። እሑድ እሑድ በቴሌቪዥን የሚታየው ድራማ፣ በየሳምንቱ ሌላ ሰው፣ ሌላ ምስጢር ይዞ መጥቶ መጨረሻው ላይ ሁሉ ነገር ግልብጥ የሚለው፣ እኔ እንደምጽፍለት ታውቂያለሽ። ባለፈው ወር ሐሳብ ነጠፈብኝና የራሳችንን ልማድ አነሳሁ። ሩቅ አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እስኪመጣ ይደበቃል። በድራማው እናትየው ሞታ፣ የእህቷ ልጅ ድምፅዋን እያስመሰለች ዓመት ሙሉ ከልጇ ጋር በስልክ ታወራለች፤ ተመልካቹ እውነቱን የሚያውቀው ልጅቱ ከአውሮፕላን ስትወርድ ነው። ዳይሬክተሩ እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ፒያሳን ተመላለስኩባት። አንቺ ደግሞ ጁባ ሆነሽ በዲሽ አየሽው።

ምነው እኔን በጠየቅሽኝ። አንቺ ግን ጎህ ሳይቀድ ለጎረቤታችን ለእትዬ የሺዓለም ደውለሽ፣ አደይ ሞታለች፣ እውነቱን አትደብቁኝ እያልሽ አለቀስሽ። እሳቸውም ልጅ ከሩቅ ሰምታ እኛ አጥር ለአጥር ሆነን ሳንሰማ ቀረን ብለው መንደሩን ቀሰቀሱ። ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢያችንን ሞላው። በሩን የከፈተችው ራሷ አደይ ናት። ሰዎቹ በሕይወት ሲያገኟት ደንግጠው ቃል ጠፋቸው። እሷ ደግሞ በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ መጥቶ ዝም የሚል ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለች። «አክበረትን ነው?» ብላ ደፉ ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቤት አይደለም። አንቺ በሕይወት አለሽ ብለን ማልን፣ ተገዘትን፣ እትዬ የሺዓለም እግሯ ላይ ወደቁ። በስልክ አገናኘኋችሁ፤ ለቅሶ ድምፅዋን ለውጦት ስለነበር አንቺ ይቺ አደይ አይደለችም ብለሽ ዘጋሽ። እሷም ድራማውን አብራን ሰምታ ነበርና፣ ድምፅ ማስመሰል ይሄ ልጄ ሉልሰገድ ያውቅበታል አለች። ዓይኗን ሞራ ስለጋረደው ምስልሽም አያሳምናትም። ያንቺም ስልክ ይኸው ሦስት ሳምንት ዝግ ነው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የብዕሩ የባሰ ነው። ለመጪው እሑድ ጽሑፍ ይጠብቁኛል፤ ሁለት መስመር ጽፌ እቀድደዋለሁ፣ ተነስቼ እስከ አምስት ኪሎ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ምን ልሠራ እንደወጣሁ ሳላውቅ እመለሳለሁ። አገር ሙሉ ሰው አሳምኜ እናቴንና እህቴን ማሳመን አቃተኝ። ፈርቻለሁ አክበረት፤ አደይ እህል በግድ ነው የምትቀምሰው።

ይህን ደብዳቤ ይዛልሽ ወደ ጁባ የምትመጣው ጓደኛሽ ትብለጽ ትናንት ከአደይ ጎን ተቀምጣ አውርታለች፤ ጠይቂያት። የአደይን ፎቶም ልኬልሻለሁ። ጥቁር ለብሳ ስታዪያት እንዳትደነግጪ፤ የለበሰችው ለአንቺ ነው። ሰባት ዓመት ሥራ ሥራ ስትዪ ቆየሽ፤ አሁን ግን ነይ። እጅሽን ካልዳሰሰች በቀር ማንንም አታምንም።

አስገዶምን ሰላም በይልኝ፣ ዳናይትን ጉንጯን ሳሚልኝ። ባለቤቴ ኤደን በጣም ናፍቃሻለች። እትዬ የሺዓለም ይቅር በይኝ ብለዋል። አደይንም እንደ ደንቡ ምን ሰላምታ ልጻፍልሽ ብዬ ጠየቅኋት።

«ለማን?» አለችኝ።

ወንድምሽ ሉልሰገድ
ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.