የልብስ ሰፊው ልጅ ክንድ

ይድረስ ለልጄ፤ ጤናሽ ከሥራሽ ይቅደም እያልኩ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኔ ደህና ነኝ።

ትናንት ከኩላሊት እጥበቱ በኋላ ነርሷ፣ ማንን መውደቅ እንደሚያሠጋው ለመለየት፣ ከወንበር እያስነሣች እስከ ግድግዳው አስኬደችን። ያለ አስተማሪ ፊደል የቆጠርኩ ሰው፣ በእርጅናዬ መራመድ ተፈተንኩ። «አባባ፣ ዘንድሮ ወድቀው ያውቃሉ?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሸርተት ማለት መውደቅ አይባልም።

አጠገቤ ኩላሊቱን የሚታጠበው ልብስ ሰፊ ግን ኀፍረት አልፈጠረበትም። «እኔማ ሁለቴ ተዘርሬያለሁ፤ መሬቷ ወዳኛለች» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። ወዲያው ልጁ ሮጣ መጥታ ክንዷን ሰጠችው። ከአንድም እጥበት ቀርታ አታውቅም። እንደ ሙሽራ ተደግፎ እስከ መኪናው ሄደ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው እንዲህ ሲሞላቀቅ ማየት ደስ አይልም። ነርሷ እኔንም ልትደግፈኝ ስትል «እጅሽን ሰብስቢ» ብያት ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ወጣሁ።

አንቺ ሥራሽን ትተሽ እንዳትመጪ። የሳሎኑን ምንጣፍ አንሥቻለሁ። ማታ የውጭውን በር መቆለፍም ትቻለሁ፤ ጎረቤቴን ድንገት ብጠራው ሰብሮ ከሚገባ ብዬ ነው።

ባለሽበት እግርሽ ይጽና።

አባትሽ