ለይመኙሻል ድምፅ የደከሙት የአቶ ስማቸው አራጋው የሕይወት ታሪክ

አቶ ስማቸው ከአባታቸው ከአቶ አራጋው ይማምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘነቡ ተሰማ በ1953 ዓ.ም. በወግዲ ወረዳ ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን በመካነ ሰላም ተምረው ደሴ ላይ የሬዲዮ ጥገና ሠለጠኑ። የፈቱትን ሁሉ መልሰው ይገጥሙ ነበር፤ ይህ በከተማችን ቀላል ነገር አይደለም።

በ1982 ዓ.ም. ከወይዘሮ በዛች ኪዳነማርያም ጋር ተጋብተው፣ በ1988 ዓ.ም. አንዲት ልጃቸውን ይመኙሻልን ወለዱ። በመካነ ሰላም በአንድ የልማት ድርጅት የጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ድርጅቱ በ1993 ዓ.ም. ሲዘጋ ማንም ያልፈለገውን አሮጌ ኮምፒዩተር ሰጣቸው። በዚያው ሰሞን የይመኙሻልን ዘፈን በማሽኑ ማይክራፎን ቀዱላት። ዘፈኑ ሲያልቅ ልጅቷ «አባዬ፣ ማሽኑ ውስጥ ገባሁ?» ስትል፣ እናቷም ከኋላ ስትስቅ ይሰማል።

ወይዘሮ በዛች በ1999 ዓ.ም. ዐረፉ። ይመኙሻል በ2006 ዓ.ም. ወደ ጂዳ ሄደች፤ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ግን ስልኳ አይሠራም፤ ያለችበትን የሚያውቅም አልተገኘም። አቶ ስማቸው ድምፅዋን እንኳ ልስማ ብለው ለዓመታት ተጠቅልሎ የቆየውን ኮምፒዩተር ቢያወጡት አልበራ አለ። ሲፈቱት፣ ቦርዱ ላይ የተጣበቁት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ጣሳ መሳይ ትናንሽ ካፓሲተሮች ፈሳሽ አንጠባጥበው ዙሪያቸውን በልተውታል። ድምፁ ሌላ ቦታ አልነበረም።

የነበራቸው መሣሪያ የሬዲዮ መበየጃ ብረት፣ ጉጠት፣ የጥርስ ብሩሽና የማንበቢያ መነጽር ነው። ካፓሲተሩን በኃይል ከሳቡት የቦርዱን መዳብ ይዞ ይነሣልና በመጀመሪያ በሞቱ የሞባይል ቦርዶች ላይ እጃቸውን አፍታቱ። ፈሳሹን ማጠቢያ አልኮል ስለጠፋ ሁለቴ የወጣውን ኃይለኛ አረቄ፣ ዳግሙን፣ ይገዙ ነበር። ከተማው ሰውዬው መጠጥ ጀመረ ብሎ አወራ። ጎረቤታቸው ነጋዴው አቶ ሙሐሲን «ወላሂ፣ ስማቸው ጠጥቶ አያውቅም!» ቢሉም የሚሰማቸው አልተገኘም፤ እድሩ ሊመክሯቸው ሽማግሌዎች ላከ። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ አቶ ስማቸው ቦርዱን በአረቄ እየቦረሹ ነበር። የተረፈችዋን ከመካሪዎቹ አንዱ እንደቀመሷት አቶ ስማቸው ሲያወሩ ይስቁ ነበር።

አዲሶቹን ካፓሲተሮች አቶ ሙሐሲን ከአዲስ አበባ ከሸቀጣቸው ጋር አመጡላቸው። በአሮጌዎቹ ላይ ጥቁሩ ምልክት ኔጋቲቩን ያሳያል፤ በአዲሶቹ ላይ ያለው መስመር ግን ፖዘቲቩን ነው። አቶ ስማቸው ምልክቱን በምልክቱ ቦታ አድርገው በየዱና መብራት ሲሰጡት አንዱ ፈነዳ። ሁሉንም ነቅለው ሌላ እስኪመጣ ክረምቱን ሙሉ ጠበቁ፤ መንገዱ ጭቃ ነበረና። ያን ክረምት ከቤት ብዙም አልወጡም። በሰፊው ቤት ብቻቸውን ሆነው ስናያቸው እናዝን ነበር፤ እርሳቸው ግን እንዲታዘንላቸው አይወዱም።

በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ኮምፒዩተሩ በራ። አቶ ሙሐሲንን ጠሩና ሁለቱም ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ወዲህ እንዳይበላሽ በመስጋት በይመኙሻል የልደት ቀን ብቻ ይከፍቱት ነበር። ድምፁን ወደ ስልክ እንገልብጠው ስንላቸው «ግድ የለም፣ መጥታ እዚሁ ትስማው» ይሉን ነበር።

አቶ ስማቸው ባደረባቸው የልብ ሕመም በደሴ ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ፤ እኅታቸውና እኔ የእኅታቸው ልጅ ወንድዬም ቀርተናል።

እዚህ ከቆማችሁት መካከል ጂዳ ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው። ስትደውሉ ስለ ይመኙሻል ስማቸው ጠይቁልን። ካገኛችኋት መርዶውን ለእኛ ተዉት፤ እናንተ ኮምፒዩተሩ እንደተሠራና የቤቱ ቁልፍ አቶ ሙሐሲን ዘንድ እንዳለ ብቻ ንገሯት።

እግዚአብሔር የአጎቴን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ የጠበቋትንም ልጅ ከደጃቸው ያድርስልን። አሜን።