በድምጿ የምታስተኛሽ ሴት

ክፉ አይንካሽ ልጄ፤ ከመኪና አደጋ ያወጣሽ አምላክ እንቅልፍሽንም ይመልስልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ያንኮራፋል፣ እኔም ያው ልብስ እሰፋለሁ።

ከአደጋው ወዲህ እየባነንሽ ስትቸገሪ፣ አንዲት ሐኪም በድምጿ ብቻ እያፈዘዘች እንደምታክምሽ እህትሽ ነገረችኝ። መጀመሪያ አፍዝ አደንግዝ መስሎኝ ክው አልኩ። ሕክምና መሆኑን ስሰማ ደግሞ ባሰብኝ፤ ቅናት አንጨረጨረኝ። እሹሩሩ ብዬ ያሳደግኩሽ እኔ እያለሁ፣ እሷ ማን ናትና ታስተኛሻለች?

እህትሽ ኋላ እንዳጫወተችኝ ግን፣ ለካ «ሰላም የሚሰጥሽን ቦታ አስቢ» ስትልሽ፣ በሐሳብሽ የምትሄጂው የስፌት መኪናዬ ሥር፣ በልጅነትሽ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ትተኚበት ወደነበረው ጥግ ነው። አንዱ መኪና ያስደነገጣትን ሌላው መኪና አባበላት ብዬ አለቀስኩ።

ለሐኪምሽም አምላክ አንደበቷን ይባርክላት። ብቻ አደራሽን፣ ስትነቂ የስፌት መኪናው የማን እንደሆነ ሳትነግሪያት እንዳትወጪ።

እናትሽ