ቴፑ አልነበረም

ይድረስ ለልጄ ለሙጀሂድ ሳቢር፣ ጂዳ።

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ በሙቀት ጊዜ የሚነሳብህ ራስ ምታት ተወህ ወይ? ምግብህን በሰዓቱ ትበላለህ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እህትህ ሰልሰቢልም ደህና ናት። ክረምቱ ወጥቷል፤ ብርዱ ግን ዘንድሮ ቀድሞ መጣብን።

የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። ሰልሰቢል ስታቀብለኝ አንተ «ደህና ነሽ እማ?» ብለህ ዝም ትላለህ፤ እኔም ዝም እላለሁ፤ ከዚያ ይዘጋል። በወረቀት ግን ቃል አይጠፋኝም። ማንበብና መጻፍ የለመድኩት አንተ ትተሃቸው በሄድካቸው የትምህርት ቤት መጻሕፍት ስለሆነ ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሰኝ። ስጨርስ እህትህ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች።

ነገሩ የአባትህ ፒካፕ ነው። አባትህ ከከላላ ገበያ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ መብራቱ ጠፍቶበት ከአለቱ ጋር ከተጋጨ ወዲህ ጓሮ ቆማ እንደነበር ታውቃለህ። ዘንድሮ አጎትህ ይማም ከወግዲ ገዥ አገኙላት። የተጨፈለቀው ፊቷ ተቃና፤ አዲስ ባትሪና አዲስ አምፖል ገባላት። ሰውየው ሊሞክራት ይዟት ወጣ። ከከተማው ሳይርቅ፣ ሲመሻሽ፣ የፊት መብራቷ ድርግም አለበት። ቆሞ ሲያየው ይበራል፤ ሲነዳ ይጠፋል። መልሶ አምጥቶ ቁልፉን ለአጎትህ ሲሰጥ «ይቺ መኪና ጂን አለባት» አላቸው።

እኔ ጂኑን አላሰብኩም። ያሰብኩት ቴፕህን ነው። አጎትህ በሐዘኑ ሳምንት «መብራቱን ያጠፋው ይህ ነው» ብለው አንተ የገጠምከውን ቴፕ ከነሽቦው ነቅለው ከአጥር ውጭ ወርውረውት የለም እንዴ? ቴፑ ከወጣ ዓመታት አለፉ፤ ታዲያ አሁን መብራቱን የሚያጠፋው ማነው? ሌሊቱን ሙሉ ይህ ነገር ከራሴ አልወጣም።

ሲነጋ ከመናኸሪያው ጀርባ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራውን ገበየሁን አስጠራሁት። «እትዬ ኑርጃን፣ እኔ ጂን አላስወጣም፤ ለሱ ሼኽ ያስጠሩ» እያለ እየሳቀ መጣ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አወጣ፤ ማብሪያውን ፈታ፤ ሽቦውን በመፈተሻ አምፖል ነካካ። መብራቱ ግን ያለወትሮው አልጠፋ አለ። «እኔ ፊት ካልጠፋ የት እንዳመመው አላውቅም» አለኝ። ከዚያ ጋቢና ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ አስቀምጦኝ ግድግዳው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን እንዳይ አዘዘኝ፤ እሱ ሽቦ ይነቀንቃል፤ ከጠፋ እኔ እጣራለሁ። የቀረ ሽቦ የለም፤ ሁሉንም ነቀነቀ። አንዴም አልጠፋም። ቢደክመው ጊዜ «በሉ ይውረዱ፤ ይቺ መኪና እርስዎን ፈርታለች» አለኝ።

ከወንበሩ ብድግ ስል ግድግዳው ጨለመ። ደንግጬ መልሼ ቁጭ አልኩ። በራ።

ገበየሁ ወንበሩን ነቀለው። የወንበሩ እግር የሚታሰርበት ብሎን ላይ አንድ ጥቁር ሽቦ አብሮ ታስሯል፤ ኤሌክትሪኩ ወደ መኪናዋ ብረት የሚመለሰው በሱ ነው አለኝ። ብሎኑን ዝገት በልቶታል፤ ዙሪያውን ነጭ ነገር ጋግሮበታል። በጥፍሩ ፍቆ ምላሱ ላይ አደረገና «ጨው ነው» አለ። ሰው ሲቀመጥ ክብደቱ ያገናኘዋል፤ ሰው ሲነሳበት ወይም ወንበሩ ባዶ ሆኖ መንገዱ ሲያንገጫግጫት ይላቀቃል።

ልጄ፣ አባትህ ገበያ የሚጭነው ጨው የማን እንደነበር አንተም ታውቃለህ። ክረምት ክረምት «ከኋላ ዝናብ ያቀልጠዋል፣ ጋቢና አስገባው» የምለው እኔ ነበርኩ። አባትህ «የሚስቴን ወንበር ለጨው ሰጠሁት» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ሲሄድ ጨው ተቀምጦበት መብራቱ ይሠራል። ያን ቀን ጨው ተሽጦ አልቆ፣ ወንበሩ ባዶ ሆኖ፣ በጭጋግ ብቻውን ተመለሰ። አንተ አብረኸው ስትሄድ «ሙጀሂድ ካለ መኪናዋ አታስቸግርም» ይል የነበረውስ? እኛ ሊያሞግስህ መስሎን ነበር።

አጎትህ በለቅሶው በሰው ሁሉ ፊት «አባትህን የበላው ያንተ ቴፕ ነው» ሲሉህ አንተ ወደ እኔ አየህ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ቴፑ ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር፤ አለማወቄን ግን መናገር እችል ነበር። አንተም ሐዘኑ ሳይወጣ ሄድክ።

ገበየሁን «ገና አትሥራው» አልኩትና ሰልሰቢልን ልኬ አጎትህን አስጠራኋቸው። «ለሽቦ ደግሞ ሽማግሌ ይጠራል?» እያጉረመረሙ መጡ። ወንበሩ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። ይቀመጡ አልኳቸው፤ ተቀመጡ። ይነሱ አልኳቸው፤ ተነሱ፤ ግድግዳው ጨለመ። ማንም ሳይነግራቸው መልሰው ተቀመጡ። እንደገና ተነሱ። በመጨረሻ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና «ቴፑ አይደለማ» አሉ። «አይደለም። ጨዉም የእኔ ነው» አልኳቸው።

ገበየሁ የዛገውን ቆርጦ አዲስ ሽቦ ንጹሕ ብረት ላይ አሰረ። ወንበሩን ባዶ አድርጎ በኮረኮንቹ ነዳት፤ አልጠፋም። ቀላል ሥራ ነበር። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ። ገዥው ድጋሚ ልኮብኛል፤ መልስ አልሰጠሁትም።

አፉ በለኝ አልልህም። አባትህን አላህ ወሰደው፤ አንተን ግን በሕይወት እያለህ ያጣሁህ በራሴ ዝምታ ነው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰልሰቢል ትደውልልሃለች፤ ስልኩን የምይዘው እኔ ነኝ። የምትለው ካጣህ ዝም በል፤ እኔም ዝም ብዬ ትንፋሽህን እሰማለሁ። ብቻ አትዝጋው።

ሰልሰቢልን በጣም ናፍቀሃታል፤ ዱዓ አድርግልኝ፣ ፈተናዬ ቀርቧል ትልሃለች። ገበየሁ «ጂኒቷን አስወጣኋት ይበሉት» ብሏል። አጎትህ ይማም ደግሞ ስጽፍ ከበሩ ቆመው አዩኝና «የኔንም ሰላምታ አድርሺለት» አሉ። ጥቂት ሄድ ብለው ተመለሱ። «አይ፣ ተይው፤ ስልኩን ካነሳልኝ ራሴ እነግረዋለሁ» አሉ። ይኸው ሁለቱንም ጻፍኩልህ።

እናትህ ኑርጃን

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.