ማሳ ሊያይ ወጣ ስለተባለው ባለቤቴ

ለክቡር አቶ ኢሶቤ
በካሚኖሴ ከተማ ጽሕፈት ቤት የግብርናና የአደጋ መከላከል ክፍል ኃላፊ
ካሚኖሴ

ክቡር ሆይ፤

የሩዙ ችግኝ ተተክሎ አልቆ፣ እንቁራሪቱ እንቅልፍ የሚነሳበት፣ የልብስ ሳጥኑ ሻጋታ የሚያበቅልበት የዝናብ ወራት እንደገና መጥቷልና፣ ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ከርሟል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከመሥሪያ ቤትዎ ሁለተኛ ፎቅ ሆነው ወንዛችንን የሚጠብቁበት ዓይንዎ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በላይኛው ካሚኖሴ ከቦዩ አጠገብ የምኖር የሟቹ የያሱጂ ሙራኮሺ ባለቤት ፉሚዬ ነኝ። ባለፈው መስከረም ለቀብሩ የላኩልን የአበባ ጉንጉን እጅግ ያማረ ነበር፤ ከትልቅነቱ የተነሣ በበር አልገባ ስላለን ዝናብ ላይ አቆምነው።

በግል የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሳይደርሱዎት ስለቀሩ፣ ይህንን በጋዜጣ ላይ ለማውጣት ተገድጃለሁ። ምክንያቱም ሰሞኑን ከቤት ወደ ቤት በሚዞረው የሰፈር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተያይዞ የመጣው «የዘንድሮ የአውሎ ነፋስ ወራት ዝግጅት፤ ለገበሬዎች የተሰጠ ምክርና ድጋፍ» የሚለው ባለቀለም ወረቀትዎ ነው። ስለ ምክሩ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ድጋፉን ግን ወረቀቱን ገልብጬም ፈልጌ አላገኘሁትም። ስለዚህ ያሉኝን አንዳንድ ጥቃቅን ቅሬታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ወረቀቱ ገበሬ ሁሉ ዝናቡ ሳይጀምር የራሱን መኪና ይዞ ከመሥሪያ ቤትዎ ግቢ የአሸዋ ጆንያ እንዲወስድ ይጋብዛል። በላይኛው ሰፈር መኪና የሚነዳ ገበሬ ዓይኑ ደክሞ መንጃ ፈቃዱን የመለሰ፣ ጆንያ የሚያነሣ ገበሬ ደግሞ ወገቡን የታመመ መሆኑን መቼም ሳያውቁ አይቀሩም። ባለፈው ዓመት ጆንያዎቹ ራሳቸው ወደ እኛ መጥተውልን ነበር፤ የመጡት ግን ጎርፉ ከጎደለ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብዬ አላማኋችሁም፤ ፍጅል በጨው የዘፈዘፍኩበትን በርሜል ክዳን የምጫነው እስከ ዛሬ በአንዱ ጆንያ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፤ «በአውሎ ነፋስ ጊዜ ወደ ወንዝ፣ ወደ ቦይና ወደ ማሳ ፈጽሞ አትውጡ» የሚለው ምክርዎ የሚነቀፍ አይደለም። በየመንገዱ ምሰሶ ላይ የሰቀላችሁት ድምፅ ማጉያም ይህንኑ በዚያች ድምፀ ለስላሳ ልጅ አንደበት ይነግረናል። ነገር ግን በቦያችን ጫፍ ላይ ወንዙ ሲሞላ መዘጋት ያለበት፣ በእጅ መዘውር የሚወርድ የብረት በር አለ። ካልተዘጋ ወንዙ በቦዩ ተመልሶ ወደ ታችኛው ሰፈር ይወርዳል፤ እዚያም መዋዕለ ሕፃናቱ፣ አዲሶቹ ቤቶችና የእርስዎ መሥሪያ ቤት ይገኛሉ። በሩ የከተማው ንብረት ነው። ቁልፉን ግን ለባለቤቴ የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ የጽሕፈት ቤቱ ስም የተጻፈበት ብርቱካናማ ሰደርያ ጨምራችሁ። እንግዲህ በአውሎ ነፋስ ቀን ገበሬ ሁሉ ቤቱ ይቀመጣል፣ አንድ ገበሬ ደግሞ ወደ ቦይ ይሄዳል ማለት ነው። ይህ አንድ ገበሬ ከምክሩ ውጭ መሆኑን ወረቀቱ የትም ቦታ አይገልጽም።

ባለፈው ዓመት አውሎ ነፋሱ በመጣ ዕለት ከሰዓት በኋላ ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። የደወለው ከእርስዎ ክፍል የሚሠራው ወጣቱ አቶ ሂዳካ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ክፉ አይወጣውም። «እትዬ ፉሚዬ፣ ጋሼ አሉ? ወንዙ እየሞላ ነው፤ በሩን ቢዘጉልን ብለን ነበር» አለኝ። እሱ ሲናገር ከጀርባው ያቺ ልጅ በማጉያው «ወደ ቦይ አትቅረቡ» እያለች ታነባለች፤ ያው ቃል ትንሽ ቆይቶ በመስኮቴ ከምሰሶው ይገባል። «ልጄ፣ ከኋላህ የምታነበውን አትሰማትም እንዴ?» ስለው፣ «እሱ ለሕዝቡ ነው እትዬ» አለኝ። እኔና ባለቤቴ ሕዝብ አለመሆናችንን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፤ በር ጠባቂ ብቻውን አይሄድም፣ ሁለት ሆኖ ነው የሚል ደንብ የጻፋችሁት ራሳችሁ ናችሁ። የባለቤቴ ጓደኛ ጎረቤታችን ኦጊታ በጸደይ ወድቆ ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ምትክ እንድትሰጡን እኔው በእግሬ መጥቼ ነግሬያችኋለሁ። «እያየነው ነው» የሚል መልስ ተሰጠኝ። እስከ አሁንም እያያችሁት መሆን አለበት፤ የዓይንዎን ጤና የጠየቅሁትም አለነገር አይደለም። ያን ዕለት ሰደርያውን ሲለብስ፣ «ኦጊታ በሌለበት ብቻህን አትሂድ» አልኩት። «አንቺ ደግሞ፣ መዘውሩ ዝጓል፣ ውኃው ሳይጫነው ካልጀመርኩት እምቢ ይለኛል። ሾርባውን ከእሳት አታውርጂው፣ መጣሁ» ብሎኝ ወጣ።

አራተኛ፤ በወንዙ ላይ ላለው ድልድይ ባለቀለም መብራት የተገኘው በጀት ለበሩ ሞተር አልተገኘም። መብራቱ ያምራል።

አምስተኛውን ለመጻፍ ብዕሬን አንሥቼ ብዙ ጊዜ አስቀምጫለሁ። ጎርፉ ሲጎድል በሩ እስከ መጨረሻው ተዘግቶ ተገኘ። ባለቤቴ ከድልድዩ በታች ተገኘ። በታችኛው ሰፈር የአንድም ቤት ወለል አልረጠበም፣ መሥሪያ ቤትዎም በማግሥቱ በሰዓቱ ተከፍቶ ሠራተኛው በደረቅ ጫማ ገባ። ዘንድሮ በወረቀትዎ ሦስተኛ ገጽ ላይ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ከማሳ ድንበር ላይ ሲንሸራተት የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ ከሥሩም «ባለፈው ዓመት በከተማችን አንድ አዛውንት ገበሬ ማስጠንቀቂያውን ችላ ብለው የሩዝ ማሳቸውን ለማየት በመውጣታቸው ሕይወታቸው አልፏል፤ ይህ እንዳይደገም እንጠንቀቅ» ይላል። ባለፈው ዓመት በካሚኖሴ ውኃ የወሰደው ሰው አንድ ብቻ ነው። ስሙን አለመጻፋችሁ ትልቅ ጨዋነት ነው። የኦጊታ ሚስት ሱዌ ሰሌዳውን ሁልጊዜ ደጃፌ ላይ አስደግፋው ትሄድ ነበር፤ ያን ቀን ግን ገብታ ተቀመጠች፣ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዙራ «አንቺ፣ ሦስተኛውን ገጽ ባታይው ይሻልሻል» አለችኝ። እኔም ማንበብ የጀመርኩት ከሦስተኛው ገጽ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ማሳችን ታጭዶ ነበር።

«የደረሰውን ሩዝ ከአውሎ ነፋሱ በፊት እጨዱ» ብላችሁ መክራችሁን፣ ባለቤቴም እንደ ታዛዥ ተማሪ ቀድሞ አጭዶ፣ ሩዙ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ገብቶ ነበር። በዚያ ቀን ማሳችን ላይ የነበረው የታጨደ ሩዝ ጉቶና ጭቃ ነው። ዕድሜውን ሁሉ በእርሻ የኖረ ሰው በአውሎ ነፋስ ውስጥ ጉቶ ሊያይ አይወጣም። እዚህ ላይ ትሕትናዬ ስላለቀብኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ተናድጃለሁ። እናንተ ጠርታችሁት ነው የወጣው። የላካችሁትን ሠርቶ ጨርሶ ነው የሞተው፤ እናንተ ግን ምክር የማይሰማ ግትር ሽማግሌ አድርጋችሁ ለልጆች ማስፈራሪያ ሣላችሁት።

ስህተት መስሎኝ ወረቀቱን ይዤ ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጣሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። አቶ ሂዳካ ወደ መተላለፊያው አውጥቶኝ ዓይኔን ሳያይ፣ «የደወልኩት እኔ ነኝ እትዬ፣ መቼ ጠፋኝ። እኔም ይስተካከል ብዬ ነበር። ግን 'በሩን ሊዘጋ ወጥቶ ሞተ' ብለን ከጻፍን የሌሎቹን በሮች ቁልፍ ማን ይቀበለናል? ሁሉም ሽማግሌዎች ናቸው፣ ነገ ቁልፋቸውን ጠረጴዛችን ላይ ጥለው ይሄዳሉ አሉኝ አለቆቼ» አለኝ። እውነቱን ስለነገረኝ አመሰገንኩት፤ ይህን ስለጻፍኩበት እንዳይቀጣብኝ እማጸናለሁ። በወንዙ ዳር ቁልፍ ይዛችሁ የምታድሩ ወንድሞቼ ግን ይህን ጋዜጣ የምታነቡ ከሆነ፣ ስትሞቱ ምን ሊያዩ ወጡ እንደምትባሉ ከወዲሁ ዕወቁት።

ስድስተኛ፤ ከወረቀቱ ጋር በስሜ የመጣ ፖስታ ነበር። በር ጠባቂነቱ ለሰው ሳይሆን ለቤት የተሰጠ ስለሆነ፣ የአገልግሎት ዘመኑ እስኪያልቅ በሙራኮሺ ቤት እንደሚቀጥል፣ የቤቱም አባወራ አሁን እኔ መሆኔን በአክብሮት ይገልጻል። አዲስ ሰደርያም አብሮ ተልኮልኛል፤ ለክቼ አየሁት፣ የሴት ልክ ነው። እንዲህ ያለው አሳቢነት ልቤን ነክቶታል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ የእናንተ ነው፤ ሞኝነቱን ለባለቤቴ አትስጡት። ካሳ አልጠየቅሁም፣ ሐውልትም አያስፈልገኝም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ያ ዓረፍተ ነገር ተሰርዞ በምትኩ «ያሱጂ ሙራኮሺ በጽሕፈት ቤቱ ተጠርቶ፣ የቦዩን በር ዘግቶ፣ በዚያው ሕይወቱ አለፈ» ተብሎ ይጻፍ፤ የአውሎ ነፋሱ ወራት ሳይገባም ያቺ ድምፀ ለስላሳ ልጅ በማጉያው አንድ ጊዜ ታንብበው። ሕዝቡም ይስማው።

እስከዚያው ግን አይጨነቁ። ወንዙ ሲሞላ አቶ ሂዳካ ይደውልልኛል፣ እኔም ሰደርያዬን ለብሼ እወጣለሁ። መዘውሩን ጨርሼ ማዞር መቻሌን አላውቅም፤ ከታች ግን ልጆች ስላሉ ቤቴ መቀመጥ አልችልም። ይህን ታውቃላችሁ። የምትተማመኑትም በዚሁ ነው።

ክቡርነትዎ ከነመላ ቤተሰብዎና ከነመላ ሠራተኛዎ በደረቅ ወለል ላይ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ፣ እግርዎን ጠብታ ሳይነካው ለጡረታ እንዲበቁ ከልብ የምመኝ፣ ምክርዎን ሁልጊዜ የማነብ፣

አክባሪዎ
ፉሚዬ ሙራኮሺ
በሥልጣንዎ የላይኛው ካሚኖሴ በር ጠባቂ

በድጋሚ፤ ማሳውን በዚህ ጸደይ ሸጬዋለሁ፤ ዛሬ በስሜ አንድ ክንድ የእርሻ መሬት የለም። ዘንድሮ ከድልድዩ በታች ከተገኘሁ ማሳዋን ልታይ ወጣች ማለት ስለማይመቻችሁ፣ ሌላ ምክንያት ከአሁኑ ቢያዘጋጁ መልካም ነው።